ዶርሙ አማርኛ፣ ከተማው ቻይንኛ

ቻይና በገባሁ በሁለተኛው ወር ቻይንኛዬ ከሰላምታና ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም ነበር። አማርኛዬ ግን በጣም ተሻሽሎ ነበር። ከጎጃም፣ ከሐረርና ከወላይታ ከመጡ ልጆች ጋር አንድ ፎቅ ላይ ስለምኖር አዲስ አበባ ሳለሁ ሰምቼው የማላውቀውን ቀልድና ተረት ሁሉ ለምጄ ነበር። ማታ ማታ በጋራ ኩሽናችን ሽሮ ይንተከተካል፤ ጨዋታው ይደራል። ከመስኮቱ ውጭ ያለችው ቲያንጂን ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። እኛ ግን ድስት ከበን ስለ አገር ቤት ፖለቲካ እንከራከራለን።

ይህን የምጽፈው ቋንቋ ለመማር ወደ ቻይና ለምትሄዱ ነው። "እዚያው መሃላቸው ስትገቢ ቋንቋው ራሱ ይመጣል" ተብዬ ነው የሄድኩት። አይመጣም። አውሮፕላኑ የሚያደርሳችሁ ቻይና ድረስ ብቻ ነው። ቻይንኛ ውስጥ መግባት ሌላ ጉዞ ነው። እኔ እሱን የጀመርኩት ከደረስኩ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው።

የሄድኩት በፈረንጆቹ 2023 መስከረም ላይ፣ በቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን በቻይንኛ የሚማር የስኮላርሺፕ ተማሪ በአብዛኛው መጀመሪያ አንድ ዓመት የዝግጅት ትምህርት ይወስዳል። "ዩከ" ይሉታል። (አንድ አጎቴ ይህን ሰምቶ እስከ ዛሬ እንግሊዝ ነው የተማረችው ይላል።) በዓመቱ መጨረሻ ፈተናውን ያለፈ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይገባል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የተመደበው የኪስ ገንዘብ በወር 2500 ዩዋን ነው፤ ለማስተርስ 3000። ዶርም በነፃ ስለሆነና የካፌ ምግብ በ10 እና በ15 ዩዋን ስለሚገኝ ያኖራል። ቁጠባ ግን ከእኔ አትጠይቁኝ።

ትምህርቱ በየቀኑ እንደ እኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀምራል። እስከ 6 ሰዓት ቋንቋ ብቻ ነው፤ ንባብ፣ ንግግር፣ ማዳመጥ፣ የቁምፊ (የቻይንኛ ጽሕፈት ምልክት) ጽሑፍ። ከሰዓት በኋላ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ በቻይንኛ። አስተማሪያችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አልተናገረችም። ክፍሉ ውስጥ የሞንጎሊያ፣ የላኦስ፣ የታንዛኒያ፣ የየመን፣ የቬትናም ልጆች ነበሩ። ቬትናሞቹ ቋንቋቸው ውስጥ ከጥንት ከቻይንኛ የገቡ ብዙ ቃላት ስላሉ ቶሎ ይይዛሉ። እነሱን እያያችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። እኔ ወቅሻለሁ፤ ምንም አልጠቀመኝም።

የቀኑ ሁሉ ጌታ "ቲንግሺየ" ነው። ቃል ይነገራችኋል፣ ቁምፊውን ትጽፋላችሁ። በየጠዋቱ 30 ቃል። ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ሽምደዳ፣ ጠዋት ፈተና፣ ቅዳሜ ላይ ግማሹን መርሳት። የቃል ካርድ በስልካችሁ ላይ ብትጠቀሙና በየቀኑ የድሮውንም ትንሽ ትንሽ ብትከልሱ ይሻላል። እኔ ይህን ያወቅኩት የመስከረሙን ቃል ኅዳር ላይ እንደ አዲስ ካጠናሁ በኋላ ነው።

አንድ ትልቅ ስህተቴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ወር ቻይንኛውን በፊደላችን ነበር የምጽፈው። ኒ ሃው፣ ሺየሺየ፣ እያልኩ። ፈጣን ነበር፤ ደስ ይላል። ችግሩ ፊደላችን ቶኑን፣ ማለትም የድምፁን መውጣትና መውረድ፣ አይዝም። ደግሞም "ሽ" ብዬ የምጽፈው ድምፅ በቻይንኛ ሁለት ነው፤ "ች" የምለውም ሁለት ነው፣ "ጅ"ም እንደዚሁ። ሁለቱን በአንድ ፊደል ስጽፋቸው ጆሮዬም አንድ አድርጎ ያዛቸው። ያንን ለማስተካከል አራት ወር ፈጅቶብኛል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፒንዪንን ተጠቀሙ። ፒንዪን በ1958 የጸደቀ፣ ቻይንኛን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ዘዴ ነው። ሰንጠረዡን ስታዩት አትደንግጡ፤ የሀሁ ገበታ ነው። በአንድ በኩል ተነባቢው፣ በሌላው አናባቢው። የእኛ 33 በ7፣ 231 ነው። የእነሱ ቶኑን ሳንቆጥር 400 ገደማ ነው። ሀሁን በዜማ የቆጠረ ልጅ ይህንንም በዜማ ይቆጥረዋል። እኔ በሁለት ሳምንት ጨርሼዋለሁ።

ቶን ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ያስፈራራችኋል። አራት ናቸው፤ አንድ ደግሞ ቀለል ብሎ የሚያልፍ አለ። ለእኔ የገባኝ በማጥበቅና በማላላት ሳስበው ነው። "ገና" ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ "ጊዜው አልደረሰም" ነው። "ዋና" ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ዋናው ነገር ነው። ይህን አማርኛ ለሚማር ፈረንጅ ብትነግሩት ጸጉሩን ይነጫል፤ እኛ ግን አስበንበት አናውቅም። ለቻይናዎቹም ቶን እንደዚያ ነው። የቃሉ አካል እንጂ ጌጥ አይደለም። ስለዚህ አንድን ቃል ያለ ቶኑ አጥንታችሁ "ቶኑን በኋላ እጨምራለሁ" አትበሉ። በኋላ የሚባል የለም።

ለማረጋገጫ እኔ የተጠቀምኩት ዊቻት የሚባለውን የቻይናዎች የመልእክት መተግበሪያ ነው። ቻይንኛ እያወራችሁ ወደ ጽሑፍ እንዲቀይረው ታዙታላችሁ። ትክክለኛውን ቁምፊ ከጻፈ ተናግራችኋል። ሌላ ነገር ከጻፈ እንደገና። አስተማሪ አዝኖላችሁ ያልፋችኋል፣ ስልክ ግን አያዝንም።

ቶን ካላችሁኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት ጨው አለቀብን። ሱቅ ሄድኩ። "የን" የሚለው ቃል ድምፁ ከታች ወደ ላይ ከተነሳ ጨው ነው። ከላይ ሳይነቃነቅ ከተዘረጋ ሲጋራ ነው። እኔ ዘረጋሁት። ባለሱቋ ሲጋራ የተደረደረበትን አሳየችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ ዓይነት ሲጋራ አሳየችኝ። በመጨረሻ በእጄ ወጥ ላይ ስነሰንስ አሳየኋት። ሳቀች፤ አንድ ነጭ ከረጢት ሰጠችኝ። ክሪስታሉ ጨው ይመስላል። ጨው አልነበረም፤ እነሱ ወጥ ማጣፈጫ የሚያደርጉት ዱቄት ነው። ሽሯችን ለሁለት ቀን የዶሮ ሾርባ ይመስል ነበር፤ ያውም ረቡዕና ዓርብ።

ቁምፊ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስለሱ ብዙ ተብሏል። አንድ ነገር ብቻ። እያንዳንዱን ቁምፊ እንደ ሥዕል አታጥኑት፤ ክፍሎቹን አጥኑ። አብዛኞቹ ቁምፊዎች ከሁለት ነገር የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ትርጉሙን ይጠቁማል፣ ሌላው ድምፁን። "እናት" የሚለው ሴትና ፈረስ ነው። ፈረሱ የገባው ለድምፁ ብቻ ነው፤ ፈረስም እናትም በቶን ይለያዩ እንጂ "ማ" ናቸው። ሴትና ልጅ ጎን ለጎን ሲሆኑ "ጥሩ" ነው። "ቤት" ደግሞ ጣሪያ ሥር ያለ አሳማ ነው። አስተማሪያችን ይህን ስትገልጽ እኔና የየመኑ ልጅ ተያየን። በሕይወቴ ያልረሳሁት ቁምፊ እሱ ነው።

የስም ነገርም አለ። የአባቴን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለወሰዱት የክፍል ዝርዝሩ ላይ የወጣው አባቴ ነው። አስተማሪዋ በየጠዋቱ አባቴን ትጠራለች፣ እኔ "አለሁ" እላለሁ። "አይ፣ እሱ አባቴ ነው" ለማለት የሚያስችል ቻይንኛ ስላልነበረኝ ዝም አልኩ። በኋላ ስችል ደግሞ ሁሉም ለምዶታል። እንዲህ ሆኖ አባቴ አንድ ዓመት ሙሉ ቲያንጂን ተማረ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የግማሽ ሴሚስተር ፈተና ውጤት መጣ። 41 ከ100። አገር ቤት ሰቃይ የምባል ልጅ ነበርኩ። አስተማሪዋ ከክፍል በኋላ አስቀረችኝ። አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ በዝግታ፣ እስኪገባኝ ሦስት ጊዜ ደጋግማ። "ከክፍል ውጭ በቀን ስንት ደቂቃ ቻይንኛ ትናገሪያለሽ?" ቆጠርኩት። ካፌ ውስጥ "ይሄን፣ ያንን፣ አመሰግናለሁ"። ሱቅ ውስጥ "ስንት ነው?"። አምስት ደቂቃ አይሞላም።

አንዳንድ የተጠናከረ ቋንቋ ማስተማሪያ ፕሮግራሞች ተማሪውን ውል ያስፈርሙታል። ከጠዋት እስከ ማታ፣ በዶርምም በካፌም፣ ከምትማረው ቋንቋ ሌላ አትናገርም ይሉታል። የእኛ ትምህርት ቤት እንደዚያ ዓይነት ውል አልነበረውም። እኔ ለራሴ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከእሑድ እስከ ዓርብ ቻይንኛ ብቻ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አማርኛ፤ ሽሮው፣ ቡናው፣ ፖለቲካው። ከእማዬ ጋር የማወራው አይቆጠርም።

ከዚያ ዶርም እንዲቀይሩኝ ጠየቅኩ። ከላኦስ ከመጣች ልጅ ጋር መደቡኝ። እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እንግሊዝኛ አትችል፤ እኔ ላኦኛ አልችል። ያለን የጋራ ነገር አንድ 300 የቻይንኛ ቃል ነው፤ እሱም የተሰባበረ። ያደረግኩት ነገር ሁሉ ተደምሮ የዚህን ያህል አልጠቀመኝም። ከቻይናዊ ጋር ሳወራ እፈራለሁ፤ እሱ ፈጣን ነው፣ እኔ ተንተባታቢ። ከእሷ ጋር ግን ስህተታችን እኩል ነበር። ማንም ማንንም አያርምም፣ ማንም አያፍርም። "ትናንት እኔ ሄድኩ ሱቅ፣ ሱቅ የለም ክፍት" እንባባላለን፤ እንግባባለን። በታኅሣሥ ወር ስለ ወንድሞቿ፣ ስለ ሜኮንግ ወንዝ፣ አገሯ ስለቀረችው ጓደኛዋ አውቅ ነበር። ሁሉንም በቻይንኛ ነው የሰማሁት።

የአገሬ ልጆች ግን ከፋቸው። "አንቺ ልጅ ቻይና ሆንሽ እንዴ?" ይሉኛል። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። አንድ ማክሰኞ ማታ አንዷ ጓደኛዬ ደረጃው ላይ አገኘችኝና በአማርኛ አንድ ነገር ጀመረችልኝ። እኔ እየሳቅኩ በቻይንኛ መለስኩላት። ፊቷ ተለወጠ። ዝም ብላ ወጣች። በማግስቱ ከሌላ ሰው ስሰማ ለካ እናቷ ሆስፒታል ገብተው ነበር። ልትነግረኝ ነበር የመጣችው።

ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። ልክ ናት። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ በአማርኛ፣ ሐሙስ ቀን። ውላችሁን ስትጽፉ ይህን ጨምሩበት፤ ሰው ፊቱ ከጠቆረ ሕጉ አይሠራም።

ስለ ቋንቋ ስናወራ ስለ ቃላትና ስለ ሰዋስው እናወራለን። ማንም ያልነገረኝ ግን የሚከተለውን ነው። በማይችሉት ቋንቋ መኖር ማለት የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ መኖር ነው። እኔ ቤት ውስጥም ካምፓስም በነገር የምታወቅ ሰው ነኝ። ሰው አሳቃለሁ፤ ተከራክሬ እረታለሁ። ቻይንኛ ውስጥ "ጥሩ"፣ "እወዳለሁ"፣ "በጣም ቀዝቃዛ ነው" የምትል ጨዋ ልጅ ሆንኩ። ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ዝምተኛ መስያቸው ነበር። እኔ! ማታ ላይ ይህ ነገር ከብርዱ በላይ ይከብዳል። ለዚህም ነው ሁላችንም ወደ ሽሮው የምንሮጠው። ርሃብ አይደለም፤ አንድ ሰዓት እንኳን ሙሉ ሰው ለመሆን ነው። ስለዚህ ከሐበሻ የሚሸሹትን ጎበዝ፣ ከሐበሻ ጋር የሚውሉትን ሰነፍ አልልም። ሁለቱንም ሆኜ አይቻለሁ።

ከዚህ ያወጡኝ አንዲት ሴት ናቸው። የዶርማችን ጠባቂ፣ መግቢያው ላይ የሚቀመጡ፣ ወደ 60 የሚጠጉ። ሁላችንም "አዪ" ነው የምንላቸው። አክስት ማለት ነው። ቻይናዎች እንደ እኛ ናቸው፤ የማያውቁትን ትልቅ ሰው በዝምድና ይጠሩታል። እኛ እትዬና ጋሼ እንደምንለው። ታክሲ ነጂውን ደግሞ "ሺፉ" በሉት፤ ባለሙያ እንደማለት ነው፤ ደስ ይለዋል።

አዪ በየቀኑ የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ነገር ነበር። በላሽ? ከሱሪሽ ሥር ሙቀት ልብስ ለብሰሻል? ሙቅ ውኃ ጠጥተሻል? ሙቅ ውኃ እዚያ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው። ለጉንፋን፣ ለሆድ ቁርጠት፣ ለናፍቆት። እኔ በየማታው ቴርሞሴን ይዤ እወርድና 15 ደቂቃ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ስለ ልጅ ልጃቸው ያወሩኛል። መጀመሪያ ከአሥር ቃል አንዱን ነበር የምሰማው። የቲያንጂን ሰው ዘዬ ደግሞ አለው፤ ቶኑን ከመጽሐፉ ለየት አድርጎ ነው የሚያወጣው። አስተማሪዬ "አዪን ስሚ፣ እንደ አዪ ግን አትናገሪ" ብላኛለች። ልክ እንደዚያው አደረግኩ፤ ግን አንዳንድ ቃል አምልጦኝ ክፍሉ ሲስቅ ደስ ይለኛል። እናንተም አንድ አዪ ፈልጉ። ዘበኛ፣ ፍራፍሬ ሻጭ፣ የካፌ ሠራተኛ። በየቀኑ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው፣ ትንሽ ደቂቃ። በሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት "የቋንቋ ልውውጥ" ከሚደረገው ይህ ይበልጣል። ልውውጡ ላይ ቻይናዊው እንግሊዝኛውን ሲለማመድባችሁ ነው የሚመሸው።

ብርዱን በአጭሩ። የቲያንጂን ክረምት ከዜሮ በታች ነው። በሰሜን ቻይና ማሞቂያ በአብዛኛው ኅዳር 15 ቀን (በእነሱ አቆጣጠር) ይከፈትና መጋቢት 15 ቀን ይዘጋል። ከባዷ ጊዜ ማሞቂያው ከመከፈቱ በፊት ያለችው ነች። ከባድ ጃኬት ከአገር ቤት ተሸክማችሁ አትሂዱ፤ እዚያ ይረክሳል። ሻንጣችሁን በበርበሬና በሽሮ ሙሉት።

ምግብ ላይ ለጿሚም ለሙስሊምም የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የሙስሊም ካፌ አለ፤ "ቺንግጀን" ይባላል። አሳማ ስለሌለበት እኛ ኦርቶዶክሶቹም እዚያ ነበር የምንበላው። ለጾም ደግሞ "ሥጋ የለውም?" ብላችሁ ብትጠይቁ "የለውም" ይሏችሁና ደንበኛ የተፈጨ ሥጋ በድንብላል ፋንታ ተበትኖበት ይመጣል። ለእነሱ ያ ሥጋ አይባልም፤ ማጣፈጫ ነው። "ወ ቺ ሱ" በሉ። "ከሥጋ ነፃ ነው የምበላው" እንደማለት ነው። የቡድሃ እምነት ተከታዮች ስላሉ ወዲያው ይገባቸዋል። እንቁላልና ወተት እንደማትበሉ ግን ለይታችሁ ንገሯቸው። ሁዳዴን በቶፉ፣ ከአኩሪ አተር በሚሠራው አይብ መሰል ምግብ፣ ነው የጨረስኩት። ቶፉ መጀመሪያ ላይ ጣዕም የለውም ያልኩት ሰው ነኝ። ንግግሬን አንስቻለሁ።

ሰው ያያችኋል። ሜትሮ ውስጥ ፎቶ ያነሳችኋል፤ ሕፃን እያሳየ "የውጭ ሰው!" ይላል። አንዳንዱ ጸጉሬን መንካት ይፈልጋል። አንዳንድ ቀን ያስቀኛል፣ አንዳንድ ቀን ያናድደኛል። ቋንቋው ሲመጣ ግን አንድ መሣሪያ አገኘሁ። ሲንሾካሾኩ ዞር ብዬ በቻይንኛ "አዎ፣ ከአይሳይኧቢያ ነኝ" እላለሁ። ኢትዮጵያን እንዲህ ነው የሚሏት። ደንግጠው ይስቃሉ፤ ወሬ ይጀመራል። የዕለቱን 20 ደቂቃ ቻይንኛ እንዲህም አገኘዋለሁ።

የካቲት 10 ቀን 2024 የቻይናዎች አዲስ ዓመት ነበር። ካምፓሱ ባዶ ይሆናል፤ ካፌው ይዘጋል፤ ተማሪው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ይጎርፋል። ያን ሰሞን ከተጋበዛችሁ እሺ በሉ። እኔን አንዲት ቻይናዊት ጓደኛዬ ሄቤይ ክፍለ ሀገር ውስጥ ወዳለ ገጠር ቤታቸው ወሰደችኝ። አራት ቀን። እንግሊዝኛ የሚባል ነገር የለም። ቀን ቀን ከሴቶቹ ጋር ጂያውዝ (በሊጥ የሚጠቀለል ምግብ) እጠቀልላለሁ፤ ማታ ላይ ከማዳመጥ ብዛት ራሴን ያመኛል። አያቷ የሚናገሩት ጭራሽ አይገባኝም ነበር፤ ጓደኛዬ ከቻይንኛ ወደ ቻይንኛ ታስተረጉምልኛለች።

የበዓሉ ዕለት ማታ አያትየው ስለ ስሜ ጠየቁኝ። የቤተሰብ ስምሽ ማነው? አገራችን የቤተሰብ ስም እንደሌለ፣ ሁሉም የአባቱን ስም እንደሚይዝ ነገርኳቸው። ከዚያ አስተማሪዬ ለአምስት ወር አባቴን ስትጠራ እንደኖረች ነገርኳቸው። ከዚያ ደግሞ፣ እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ "ባለፈው ፈተና አባቴ 41 አገኘ። እስካሁን አልሰማም" አልኩ።

ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። አያትየው ቾፕስቲካቸውን አስቀመጡ። እኔ ግን ከሳቁ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው። በአምስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻይንኛ ውስጥ ያለችው እኔ ነበርኩ፤ ያቺ ጨዋ ልጅ አይደለችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብቻ ነው። ግንቦት ላይ ኤችኤስኬ የሚባለውን የቻይንኛ ችሎታ ፈተና ደረጃ 4 ተፈተንኩ። በብዛት የሚጠየቀው ደረጃ እሱ ነው። እኔ ስፈተን 1200 ቃላት፣ 100 ጥያቄ፣ ከ300 የሚታረም ነበር፤ ማለፊያው 180። ማዳመጥ፣ ንባብና ጽሑፍ አለው። ከደረጃ 3 ጀምሮ ፒንዪን ከፈተናው ላይ ይጠፋል፤ ቁምፊ ብቻ ነው። በወረቀትም በኮምፒውተርም ይሰጣል። በኮምፒውተር ተፈተኑ፤ ፒንዪኑን ስትጽፉ ቁምፊውን ያወጣላችኋል፣ የእናንተ ድርሻ ትክክለኛውን መምረጥ ነው። እኔ 238 አገኘሁ። በጣም ያስቸገረኝ ቋንቋው ሳይሆን የኬሚስትሪው ፈተና ነበር። ንጥረ ነገሮቹ ሁሉ የየራሳቸው ቁምፊ አላቸው። ቢያንስ ጋዝ የሆኑት አናታቸው ላይ የ"ጋዝ" ምልክት፣ ብረት የሆኑት ጎናቸው ላይ የ"ብረት" ምልክት አላቸው። የቁምፊ ክፍሎችን አጥኑ ያልኩት እዚህ ላይ ነው የሚከፍላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ነገር አስተካክሉ። ጉግል፣ ቴሌግራምና ዋትስአፕ እዚያ አይሠሩም። ዊቻት እዚሁ እያላችሁ ክፈቱ፤ ለእናታችሁም ክፈቱላት። አዲስ ሰው ሲመዘገብ ነባር ተጠቃሚ እንዲያረጋግጥለት ሊጠየቅ ስለሚችል አየር ማረፊያ ላይ የሚሠራ ነገር አይደለም። ፕሌኮ የሚባለውን መዝገበ ቃላትም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ ጫኑት። ከካምፓስ ውጭ ካደራችሁ ወይም ቤት ከተከራያችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለባችሁ። ኤክስ 1 (የረጅም ጊዜ የተማሪ) ቪዛ የያዘ ደግሞ በገባ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለበት፤ ትምህርት ቤቱ ያስታውሰኛል ብላችሁ አትተኙ። ስማችሁ በባንክ፣ በሲም ካርድና በተማሪ መታወቂያ ላይ ልክ እንደ ፓስፖርቱ በአንድ ቅደም ተከተል መጻፉን ተመልከቱ። የእኔ አንዱ ቦታ ላይ አባቴ ቀድሞ፣ ሌላው ላይ አያቴ ቀድመው ተጽፎ የመጀመሪያውን ወር ብር ለማውጣት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ከቤት ጋር ለመደዋወል ደግሞ አንድ የሚያምር ነገር አለ። ቻይና ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከሌላው በ6 ለይተን ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ባለው ቁጥር ላይ አንድ ስትጨምሩ የአገር ቤት ሰዓት ይሆናል። ስልኬ ማታ 8 ሲል እማዬ ዘንድ ከሰዓት 9 ነው።

ሰኔ ላይ በዚያ ሰዓት ደወለችልኝ። ቻይናዎች ስልክ ሲያነሱ "ዌይ?" ነው የሚሉት። እኔ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሬ ስለነበር ማን እንደደወለ ሳላይ አነሳሁትና "ዌይ?" አልኩ።

ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች።

"ወዬ ነው ያልሽኝ?" አለች። "አቤት ማለት ቀረ?"